የአባቴ ወረቀት ጀርባ

ከሁሉ በፊት ስለ ራሴ ልናገር፤ አለበለዚያ የሠራሁትን ስትሰሙ «ይሄ ሽማግሌ ምን ነክቶት ነው?» ትላላችሁ። የተማርኩት ጥቂት ጊዜ ቄስ ትምህርት ቤት፣ ከዚያም እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። ማንበብ እችላለሁ፤ ግን ፊደሉን አንድ በአንድ በጣቴ እየነካሁ ነው። ይህን የጻፍኩት ራሴ ነኝ። የልጅ ልጄ መቅደስ ፊደሌን አርማልኛለች፤ ነገሩን ግን እንዳትነካ አስምዬያታለሁ።

ዕድሜዬን ሙሉ ፒያሳ ፍሬም ስሠራ ኖርኩ። የሠርግ ፎቶ፣ ዲፕሎማ፣ ቅዱስ ሥዕል፣ የሟች ፎቶ፣ የመጣልኝን ሁሉ። የሰፈር ልጆች «ጋሽ ውብሸት በዚህ ሰፈር ያልሰቀለው ሰው የለም» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። አሁን ሱቁም የለም፣ እጄም ይንቀጠቀጣል። ግትር ነኝ። ይህን ሌላ ሰው ከሚነግራችሁ እኔ ልንገራችሁ። አንዴ «አይሆንም» ካልኩ አለቀ፤ ልክ ባልሆን እንኳ አይሆንም።

ሳሎኔ ውስጥ፣ ከኮርኒሱ ዝቅ ብሎ፣ አንድ ፍሬም ተሰቅሎ ኖሯል። አባቴ መኩሪያ ኮርቻ ሠሪ ነበር። በፍሬሙ ውስጥ ያለው ደግሞ አንድ ደጃዝማች ለአባቴ የላኩለት ደብዳቤ ነው፤ አናቱ ላይ ሐምራዊ ክብ ማህተም አለበት። ጽሕፈቱ እንደ ሐረግ የተጠማዘዘ የጸሐፊ ጽሕፈት ስለሆነ እኔ ከስሙ በቀር አልዘለቅሁትም። ቤታችን ውስጥ ሲነገር የኖረው ግን ደጃዝማቹ አባቴን ያመሰገኑበት ነው ተብሎ ነው። አባቴ በሞተ በሁለተኛው ወር ዱቄት አፍልቼ፣ ኮላ ሠርቼ፣ ወፍራም ካርቶን ላይ ለጥፌ፣ መስታወት አልብሼ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ያ የአባቴ ነው» እላለሁ። እንግዳውም ቀና ብሎ ማህተሙን አይቶ «አሃ!» ይላል። አርባ ዓመት እንዲህ ሆነ።

መቅደስ የሟች ልጄ ልጅ ናት። አባቷ ሲሞት አምስት ዓመቷ ነበር፤ ያሳደግኳት እኔና ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ ነን። አሁን ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ኤልያስ የሚባል የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ወደደች። ልጁን አየሁት፤ ሲናገር ዓይን ዓይኔን ያያል፤ ወደድኩት። «ሽማግሌ ላክ» አልኩት።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። አውራቸው ጋሽ ለማ ነበር፤ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን እንተዋወቃለን። መቼም በእኛ ወግ ጋብቻ ከመባሉ በፊት ዘር ይቆጠራል። በሁለቱም በኩል እስከ ሰባት ቤት ድረስ የሚገናኙበት አያት ካለ ነገሩ እዚያው ይቆማል። የእኛን ቆጠርኩላቸው። ጋሽ ለማ ደግሞ የልጁን ከወረቀት ማንበብ ጀመረ። በአባቱ በኩል ያለውን ጨረሰ፤ ዘመዶቹ ሁሉ የመንዝ ሰዎች ናቸው፣ አንገናኝም።

«በእናቱ በኩል፤ እናቱ አልማዝ። የአልማዝ እናት ወይዘሮ ብርቄ። የብርቄ አባት...» አለና መነጽሩን አወለቀ። ጠረገው። መልሶ አደረገው።

«ምነው ለማ? ጠፋህ እንዴ?»

«የብርቄ አባት መኩሪያ።»

«መኩሪያ ማን?»

«እሱን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ ብላለች ብርቄ።»

አሁን ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። አባቴ በሞተ በአርባኛው ቀን፣ ድንኳን ተጥሎ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ፣ አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባችና እናቴ አጠገብ ልትቀመጥ ሄደች። እናቴ ፊቷን አዞረች። ሴትዮዋ ብርቄ ነበረች። መኩሪያ ከውጭ የወለዳት ነች እየተባለ በሰፈሩ ይታማ ነበር። እሪ በከንቱ ሰፈር አንዲት መበለት ዘንድ እንዳስቀመጣት፣ ትምህርት ቤት ያስገባት እሱ እንደሆነ፣ በስሙም እንደምትጠራ እናቴ ታውቅ ነበር። በቤታችን ግን አይወራም። እኔ የበኩር ልጅ ነኝ፣ ያኔ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ደሜ ይፈላል። ክንዷን ይዤ ከድንኳኑ አስወጣኋት።

«አባቴ ነው፤ እንዳለቅስ ተወኝ» አለች።

«አባትሽን ሌላ ቦታ ፈልጊ» አልኳት፤ ሰው ሁሉ እየሰማ።

«በደጃዝማቹ ወረቀት ጀርባ ላይ ጽፎኛል። ራሱ ነግሮኛል። አንብበው» ብላኝ ሄደች።

ከዚያ ወዲያ አርባ ዓመት ሙሉ በአንድ አራዳ ኖርን። ጊዮርጊስ ሳስቀድስ አያታለሁ፤ እሷ በሴቶች በኩል፣ እኔ በወንዶች በኩል። ዓይናችን ሲገጣጠም ፊቴን የማዞረው እኔ ነኝ።

ወደ ሽማግሌዎቹ ልመለስ። ጋሽ ለማ ቀጠለ፤ «ብርቄ ቃል ልካለች። እንዲህ ነው ያለችው፤ ‹እህቱ ከሆንኩ ልጆቹ ከአንድ ቅድመ አያት ናቸውና አይጋቡም፤ ኃጢአት ነው። ካልሆንኩ ይጋቡ። ወረቀቱን ከፍሬሙ ያውጣውና ጀርባው ይነበብ።›»

«እህቴ አይደለችም! ይጋቡ! ቃሌን ሰጥቻለሁ!» አልኩ።

«ቃልህንማ አርባ ዓመት ሰማነው ውብሸት። የጠየቅንህ ወረቀቱን ነው።»

መቅደስ በሩ ላይ ቆማ ስትሰማ ኖሯል። ፊቷ አመድ መስሏል። «አባባ፣ ይከፈት» አለች።

«አንቺ ዝም በይ!»

«አልልም። የማገባው እኔ ነኝ። ልጅ ወልጄ ኋላ ይህን ልስማ?»

«እሺ፣ ቢላዋ አምጪ» አልኩና ወንበር ላይ ልወጣ ተነሣሁ። ወንበሩን ያዘችብኝ። «በቢላዋማ አይሆንም፤ ይቀደዳል። የድሮ ወረቀት የምታክም ሴት አውቃለሁ» አለች። ጋሽ ለማም እስከ ረቡዕ ጊዜ ሰጠን።

ሰኞ ጠዋት ፍሬሙን በጋቢ ጠቅልለን ከፒያሳ የስድስት ኪሎ ታክሲ ያዝን። ረዳቱ ጋቢውን አይቶ «ጋሼ፣ በሩን ነቅለው ነው እንዴ የመጡት?» አለኝ። ሌላ ቀን ቢሆን መልስ አላጣለትም ነበር። ያን ቀን ግን ጋቢውን አጥብቄ ያዝኩ።

ወረቀት የምታክመው ሴት ሕይወት ትባላለች። ሠላሳ ቢሆናት ነው። እንደ ሐኪም ነጭ ጋዋን ለብሳለች። ጠረጴዛዋ ከእኔ የድሮ ጠረጴዛ ይሰፋል፤ ላዩ ላይ ቀጫጭን ቢላዎች፣ ብሩሾችና ወፍራም ነጭ ወረቀቶች ተደርድረዋል። ፍሬሙን ገለበጠችና በጣቷ ዳሰሰችው።

«ማን ነው የሠራው?»

«እኔ ነኝ።»

«በጣም ጎበዝ ነዎት። አንድ ሚስማር እንኳ አልዛገም።» ከዚያ ወረቀቱን ከነካርቶኑ አወጣች። ጠርዝ ጠርዙን ብል በልቶታል። «በምንድን ነው የለጠፉት?»

«በዱቄት ኮላ።»

«ዱቄት መሆኑ በጀዎት አባቴ። ዱቄት በርጥበት ይለቃል። ስንቱ ነው የአያቱን ወረቀት ላሚኔት አስደርጎ የሚመጣልኝ መሰለዎት! ፕላስቲኩ ከወረቀቱ ጋር ቀልጦ አንድ ሆኗል። እሱን ይዘው ሲመጡ አብሬ ከማዘን በቀር የምሠራው የለኝም።»

ቀጥላ በማጉያ መነጽር ፊቱን መመርመር ያዘች። ወረቀቱን በብርሃን አየች፣ ማህተሙን አየች፣ የቀለሙን ዓይነት አየች። በመጨረሻ «እውነተኛ ነው። ወረቀቱም ማህተሙም የዘመኑ ናቸው» አለች።

«አላልኩም!» አልኳት ለመቅደስ።

«ግን አባቴ... ምን እንደሚል ያውቃሉ?»

«ምስጋና ነዋ።»

ሕይወት መቅደስን አየቻት። መቅደስ ጫማዋን አየች። «ላንብብልዎት? ‹ለኮርቻ ሠሪው መኩሪያ። የበቅሎዬ ኮርቻ ለፋሲካ ይደርሳል ብለኸኝ ነበር። ፋሲካ አለፈ። እኔ በሰው ኮርቻ እየሄድኩ ነው። ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ኮርቻውን ይዘህ ና፤ አለበለዚያ ሰው ልኬ አስይዝሃለሁ።›»

ወደ መቅደስ ዞርኩ። «ታውቂ ነበር?»

«ስድስተኛ ክፍል ሆኜ ወንበር ላይ ቆሜ አነበብኩት» አለች። «ለእንግዳ ስታሳይ ደስ ሲልህ አያለሁ። ምን ብዬ ልንገርህ?»

ልቆጣ ነበር፤ ሳቄ መጣ። አባቴ ለማንም የማይቸኩል ሰው ነበር፤ ደጃዝማቹንም እንዲሁ አስጠብቋቸው ኖሯል። ሦስታችንም ሳቅን። ከልቤ የሳቅሁት ግን ያኔ ብቻ ነው። ነገሩ ወደ ጀርባው ሲዞር ሳቁ ጠፋ።

ሕይወት ነገሩን እንዲህ አስረዳችኝ። የደብዳቤው ቀለም ውሃ ይችላል። ማህተሙ የተመታበት ሐምራዊ ቀለም ግን ርጥበት ከነካው ይፈሳል። ወረቀቱን ከካርቶኑ ለማላቀቅ ደግሞ ርጥበት የግድ ነው።

«ሲለጥፉት ጀርባው ላይ ጽሑፍ የት ጋ እንደነበረ ያስታውሳሉ? ከታች በኩል ከሆነ ከታች ብቻ አላቅቃለሁ፤ ማህተሙ ያለበትን አልነካውም። ካላወቅን ግን ሙሉውን ማራስ ሊኖርብኝ ነው።»

«አላየሁም» አልኩ።

«ፍሬም ሠሪ ሆነው ጀርባውን አላዩም?»

«አላየሁም አልኩሽ እኮ!»

አየችኝ፤ ግን አልጨቀጨቀችኝም። «ማህተሙ ሊበላሽ እንደሚችል ተነግሮኛል» የሚል ወረቀት ሰጠችኝ። ፈረምኩ።

የዚያን ቀን ሥራ ማየት ነበረባችሁ። ወረቀቱን ለስላሳ ጨርቅ ላይ በፊቱ አስተኛችውና ካርቶኑን ከጀርባው በደረቁ ትልጥ ጀመር። አንድ ስስ ንብርብር ታነሣለች፣ ትጥላለች፣ ሌላ ታነሣለች። ወገቧ አይጎብጥም፣ እጇ አይንቀጠቀጥም። መጀመሪያ ላይ በሸካራው አቅጣጫ ስትልጠው አላስቻለኝም።

«ልጄ፣ ካርቶን እንደ እንጨት ነው፤ መሄጃ አለው። ከቀኝ ወደ ግራ ያዢው።»

አዙራ ሞከረችው። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላቀቀላት። «እርስዎ እዚህ መቀጠር ነበረብዎት» አለችኝ። ደስ አለኝ፤ ግን እጇ በቀረበ መጠን እኔ የማውቀው ነገር እየቀረበ ነበር።

ማምሻው ላይ ኤልያስ የቤታችን በር ላይ ጠበቀን። የሥራ ልብሱን እንኳ አልቀየረም። አንድ ያረጀ ደብተር ሰጠኝ። «እማማ ብርቄ የላከችው ነው። ትምህርት ቤት ስትገባ ስሟን አባቷ ጽፎበታል፤ ጽሕፈቱን ለማመሳከር ይጠቅማል ብላለች።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ እውነቱ ይውጣ እላለሁ። ግን እንዳይሆን ብዬም እጸልያለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ መጸለይ ይቻላል?» አለኝ። ልጁ አሳዘነኝ። እንደ አስተማሪ ዓይኑን ሳይነቅል መልስ ሲጠብቅ እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ማክሰኞ ተመለስን። እኔም የአባቴን ዳዊት ይዤ ሄድኩ፤ የተወለድኩበትን ቀን ባዶ ገጹ ላይ በእጁ ጽፎበታል። የቀረው የመጨረሻው ስስ ካርቶንና ኮላው ብቻ ነው። ሕይወት ርጥብ ጨርቅ በሌላ ጨርቅ ጠቅልላ ሙሉውን ጀርባ ሸፈነችው፣ ላዩ ላይ ሰሌዳ ጫነችበትና «እንጠብቅ» አለች። በየጥቂት ደቂቃው ጠርዙን ቀና አድርጋ ከሥሩ ታያለች። ሁለት ጊዜ «ደህና ነው» አለች። በሦስተኛው ምንም አላለችም። ከሥር ያለው ነጭ ጨርቅ ላይ ሳንቲም የምታህል ሐምራዊ ነጠብጣብ ወጥታለች። እያየናት ሰፋች።

«ማህተሙ መፍሰስ ጀምሯል። ላቁም ወይስ ልቀጥል? ካቆምኩ ጀርባው አይነበብም» አለች።

መቅደስ እጄን ያዘች። እጇ በረዶ ነበር።

ያኔ ነው ከአፌ የወጣው። «ከታች ነው» አልኩ።

«ምኑ?»

«ጽሑፉ። ከታች ግማሽ ላይ ነው። በእርሳስ የተጻፈ ነው። አይቼዋለሁ።»

ሕይወት ርጥቡን ጨርቅ ከላይኛው በኩል ገፈፈችው፣ ወረቀቱን ከፍ አድርጋ ማህተሙ ሥር ደረቅ መምጠጫ ወረቀት አስገባች፣ ተጫነችው። ግማሹ ማህተም ተረፈ። ግማሹ ጭጋግ ሆኖ ቀረ።

እናንተ ደግሞ እውነቱን ስሙ። ወረቀቱን በለጠፍኩበት ቀን ሱቄ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ገለበጥኩት። የአባቴ ጽሕፈት መሆኑን አወቅሁ። የመጀመሪያውን ቃል በጣቴ እየነካሁ አነበብኩት፤ «ብርቄ» ይላል። የቀረውን ማንበብ እችል ነበር። ቀስ ብዬ፣ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅብኝም እችል ነበር። አላነበብኩትም። ብሩሹን ኮላው ውስጥ ነክሬ ቀባሁት። «አልተማርኩም» እያልኩ ስንት ነገር አምልጫለሁ፤ ያን ቀን ግን ያለመማር ጉዳይ አልነበረም።

መቅደስ እጄን ለቀቀች። አልተቆጣችም፣ አልጮኸችም፤ ለቀቀች ብቻ። ከዚያ ሁሉ ያ ነው የከበደኝ።

ሕይወት የታችኛውን ግማሽ በስስ ቢላዋ እያነሣች፣ የቀረውን ኮላ በርጥብ ጥጥ እየጠረገች ሄደች። እርሳስ ውሃ አይፈራም። አንድ በአንድ ፊደሎቹ ብቅ ብቅ አሉ። ሲያልቅ «ላንብበው?» አለች።

«አይሆንም። እኔ ነኝ የማነብበው።»

ጣቴን አየር ላይ አድርጌ፣ ሳልነካው፣ እንዲህ የሚለውን አነበብኩ፤ «ብርቄ። የወዳጄ የተሰማ ልጅ ናት። እናቷ በወለደቻት በሳምንቷ ሞተች። ተሰማም ሊሞት ሲል እጄን ይዞ አደራ ሰጠኝ። አባት የላትም እንዳይሏት በስሜ ትጠራ ብያለሁ። እኔ አልወለድኳትም። ለሚስቴ ነገርኳት፤ አላመነችኝም። ሁለተኛ አልነግራትም። ልጆቼ እንደ እህታቸው ይያዟት። መኩሪያ።»

መቅደስ «አልወለዳትም! አባባ፣ አይዛመዱም!» ብላ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ሕይወት ግን ሥራዋን አልጨረሰችም። ዳዊቱን፣ ደብተሩንና ወረቀቱን ጎን ለጎን አድርጋ ረጅም ጊዜ አየቻቸው። «የአንድ ሰው እጅ ነው» አለች በመጨረሻ። «በኋላ ሰው ጨምሮት ይሆን እንዳይባል ደግሞ ኮላው ከጽሑፉ በላይ ነው ያለው። እርስዎ ከለጠፉት ወዲህ ማንም አልነካውም። ኮላዎት ምስክር ሆነ።»

እኔ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ስለ እናቴ አስብ ነበር። አንዳንድ ቀን ስትብሰለሰል «የጓደኛዬ ልጅ ናት ይለኛል፤ ማንን ሊያሞኝ!» ስትል እሰማት ነበር። አባቴ አንዴ እውነቱን ተናገረ፣ አልታመነም፣ አኮረፈና እስኪሞት ዝም አለ። ግትርነቱን ከማን እንዳመጣሁት ገባኝ። የመጨረሻዋ መስመር ደግሞ ለእኔ የተጻፈች ነበረች። በእኔው እጅ፣ በእኔው ዱቄት ለጥፌ ሸሸግኳት።

መቅደስ ስልኳን አወጣች። «ለእማማ ብርቄ ልደውል።»

«አይደወልም» አልኳት። «እሷ የመኩሪያ ልጅ ነኝ ብላ ነው የኖረችው። ይህን በስልክ አትሰማም። እኔ እሄዳለሁ።»

ሕይወት በስልኳ ፎቶ አንስታ በትልቁ አተመችልኝ። መቅደስን ወደ ሥራዋ ሸኝቼ ብቻዬን ወረድኩ። ብርቄ አሁን የምትኖረው ከቴዎድሮስ አደባባይ ዝቅ ብሎ ባለ ፎቅ ላይ፣ ልጇ ዘንድ ነው። ደረጃውን ሦስት ጊዜ አርፌ ወጣሁ። ራሷ ከፈተችልኝ። አጥራለች፤ ዓይኗ ግን ያው ነው።

«ውብሸት ነኝ» አልኳት።

«መታወቂያ ጠየቅሁህ? ግባ።»

ተቀመጥኩ። «ወረቀቱ ተከፍቷል። ላነብብልሽ ነው የመጣሁት።»

«አንተ?»

«እኔ።»

ጀመርኩ። «ተሰማ» የሚለው ላይ ስደርስ ፊቷ ተለወጠ። «እኔ አልወለድኳትም» የሚለው ላይ ስደርስ ቆምኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ልዘለው አስቤ ነበር። ልጆቹ እንደሚጋቡ ብቻ ብነግራት ምን ነበረበት? ግን አንዴ ዘልዬው ምን እንዳመጣ አይቻለሁ። አነበብኩት። እስከ መጨረሻው።

ውጪ መኪናው ይጮሃል። «እንደገና አንብበው» አለች። አነበብኩ። «ተሰማ» አለች ለራሷ። «ተሰማ... ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

«አላውቅም። የአባቴ ወዳጅ ከሆነ ግትር መሆን አለበት።»

ፈገግ አለች መሰለኝ። ከዚያ ዕንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም። «ሰባ ዓመት ሙሉ መኩሪያ አባቴ ስል ኖርኩ። ለምን አልነገረኝም?»

«አሳዝነሽው ይሆናል።»

«እና ልጆቹ ይጋባሉ።»

«ይጋባሉ።»

«እሰይ» አለች። ድምፁ የደስታም የኀዘንም ነበር። ከመቀመጫዬ ወርጄ ተንበረከክሁ። «ብርቄ፣ በድያለሁ። ስምሽን አይቼ ነው የለጠፍኩት። ይቅር በይኝ።»

«ስሜን አይተህ?»

«አይቼ።»

አየችኝ። «ተነሥ። ጉልበትህ ሲንቋቋ ይሰማኛል፤ እዚህ ብትሰበር ማን ተሸክሞ ያወርድሃል? ይቅርታውን አስብበታለሁ። አርባ ዓመት በአንድ ቀን አይታሰብም።» ስወጣ ፎቶውን እንድተውላት ጠየቀችኝ። ተውኩላት።

ረቡዕ በንስሐ አባቴና በጋሽ ለማ ፊት ወረቀቱ ተነበበ። የሥጋ ዝምድና የለም፤ የማደጎ ዝምድና ነው እንዳይባልም ያሳደገቻት መበለቲቱ እንጂ አባቴ ቤቱ አስገብቶ አይደለም። «ይጋቡ» ተባለ። መቅደስ ከእኔ ጋር በወጉ ለማውራት ግን ሁለት ሳምንት ፈጀባት። መብቷ ነው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ግድግዳችሁ ላይ የተሰቀለ የድሮ ወረቀት ካላችሁ ጀርባውን ያየው ሰው ይኑር። በቢላዋና በውሃ ራሳችሁ አትሞክሩት፤ ለሚያውቅ ስጡት። ላሚኔት አታስደርጉ። ፎቶ ጀርባ ላይ የሰዎቹን ስም በእርሳስ ጻፉ፤ ስክሪብቶ ይፈሳል። እኔ አሁን የድሮ ደንበኞቼን እየዞርኩ «ያንን የለጠፍኩላችሁን አሳዩኝ» እላለሁ። አንዳንዱ ያረጀሁ መስሎት ይስቅብኛል። ይሳቅ። ስንቱን ነገር ካርቶን ላይ እንደለጠፍኩ የማውቀው እኔ ነኝ። ሌላው ነገር ደግሞ፣ ልታነቡት የምትችሉትን ነገር አልቻልኩም አትበሉ። ሌላውን ሰው ታታልሉ ይሆናል፤ ራሳችሁን ግን አታታልሉም፤ አንድ ቀን ክፍል ውስጥ፣ የልጅ ልጃችሁ እጅ በእጃችሁ ውስጥ እያለ፣ እውነቱ ከአፋችሁ ይወጣል።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት ቤታችን በሰው ተሞልቶ ሳለ አንዲት ነጭ የለበሰች ሴት ከዘራዋን ይዛ ገባች። ብርቄ ናት። «ምነው፣ የሙሽራው አያት ከሙሽራው ጋር አትመጪም እንዴ?» አሏት ሴቶቹ። ሠርገኛው በጡሩምባ ሲደርስ፣ እንደ ወጋችን የሙሽሪት ወገኖች በሩን ሊዘጉ ተነሡ። ብርቄ ሁሉንም ገፍታ ከፊት ቆመችና ከዘራዋን በበሩ ላይ አጋደመችው።

ኤልያስ በሱፍ ልብሱ ላብ በላብ ሆኖ «እማማ! እኔ እኮ ነኝ፤ ኤልያስ!» አለ።

«አንተ መሆንህን አይቻለሁ። አትገባም!»

ሚዜዎቹ በሳቅ ፈነዱ። አንደኛው «እትዬ፣ እርስዎ የማን ወገን ነዎት?» ብሎ ጮኸ።

ብርቄ ዞር ብላ እኔን አየችኝ፤ እኔም ፊቴን አላዞርኩም። ከዚያ ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ «የሙሽሪት ነኝ! የአያቷ እህት ነኝ!» አለች።